ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ሲነጫነጭና የቀኑ ሥርዓት ሲዛባ፦ ለወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጥርስ ማውጣት የጨቅላነት ወራት ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንጂ፣ ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች መካከል ትልልቆቹ የሚወጡት ልጁ መራመድ ከጀመረ በኋላ ነው። የ6 ወር ሕፃን ድዱ ሲቆጠቁጠው ያለቅሳል፣ ሲያቅፉትም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። የ18 ወር ልጅ ግን ይሮጣል፣ «እምቢ» ማለትን ተምሯል፣ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ለይቶ ያውቃል፤ መንጋጋው ላይ የሚሰማውን ነገር በቃል ለማስረዳት ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በዚህ ዕድሜ ሕመሙ ከእልህ፣ እልሁ ከእንቅልፍ ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣቱም ከምግብ እምቢታ ጋር ስለሚተሳሰር ወላጅ የቱን ቀድሞ መያዝ እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

አንድ ጥርስ ድድን ሰብሮ ሲወጣ የሚያስቸግረው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 4 ቀናትና ከወጣ በኋላ ባሉት 3 ቀናት ገደማ ውስጥ ይወሰናል። የቤቱ ሥርዓት ለሳምንታት ተዛብቶ የሚቆየው ግን በአመዛኙ በጥርሱ ምክንያት ሳይሆን፣ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ልጁን ለማባበል የተጀመሩ ነገሮች ጥርሱ ከወጣም በኋላ ስለሚቀጥሉ ነው። ስለዚህ ወላጁ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ማስኬድ ይኖርበታል፤ ሕመሙን እንደ ማንኛውም ሕመም በርኅራኄ ማስታገስ፣ እንዲሁም በሕመሙ ቀናት ምን እንደሚላላና መቼ እንደሚመለስ አስቀድሞ መወሰን።

1. በእርግጥ ጥርስ መሆኑን ይለዩ

የወተት ጥርሶች አወጣጥ ከልጅ ልጅ ቢለያይም የታወቀ ቅደም ተከተል አለው። የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ከ6 እስከ 10 ወር፣ የላይኞቹ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ብቅ ይላሉ፤ በጎናቸው ያሉትም ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ከ13 እስከ 19 ወር፣ ክራንቻዎቹ ከ16 እስከ 23 ወር፣ የኋለኞቹ መንጋጋዎች ከ23 እስከ 33 ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ። በአፉ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች መቁጠር የት መፈለግ እንዳለብዎ ይጠቁማል፤ 16 ጥርስ ያለው ልጅ የቀሩት አራቱ የኋላ መንጋጋዎች በመሆናቸው፣ የሚፈተሸው ቦታ ከሁሉም ጥርሶች ኋላ ያለው ድድ ነው።

ድዱን ለመፈተሽ ሁለት ሰው ቢኖር ይመረጣል። ሁለቱም ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይቀመጡና ልጁን በጀርባው ያስተኙታል፤ እግሩ አንዱ ጋር፣ ራሱ ሌላው ጭን ላይ ይሆናል። ራሱን የያዘው ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ትንሿን ጣቱን በጉንጩና በድዱ መካከል፣ ማለትም ከጥርሶቹ በስተውጭ ያስገባል። ጣቱ በጥርሶቹ መካከል ስለማይገባ ልጁ አፉን ቢገጥም እንኳ አይነከስም። ያበጠ፣ የቀላ ወይም ሲዳሰስ ከሥሩ ጠንካራ ነገር ያለበት ድድ ከተገኘ ጥርስ እየመጣ ነው ማለት ይቻላል። መንጋጋ ጥርስ አናቱ ባለ ብዙ ጫፍ ስለሆነ ጫፎቹ በየተራ ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ጫፍ ሲታይ «በቃ፣ ወጣ» ብሎ መደምደም ያስቸኩላል። አንዳንድ ጊዜ ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት ድዱ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ይታያል። ሲያዩት የሚያስደነግጥ ቢሆንም ፈሳሽ የያዘ እብጠት ነው፤ ጥርሱ ሲወጣ ራሱ ስለሚጠፋ አይፈርጥ፣ አይነካ።

ለሃጭ መብዛት፣ ያገኙትን ሁሉ ማኘክ፣ ጉንጭን ወይም ጆሮን ማሸት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ሌሊት መንቃትና ንጭንጭ ከጥርስ ጋር የሚሄዱ ምልክቶች ናቸው። የሰውነት ሙቀትም በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ሳል ወይም መላ አካል ላይ የወጣ ሽፍታ ጥርስ ያመጣው ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ልጁ ሁሉንም ነገር ወደ አፉ የሚያስገባበትና ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያ የሚቀንስበት ዕድሜ ስለሆነ ኢንፌክሽንና ጥርስ ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ «ጥርስ ማውጣት» በሞት መዝገብ ላይ የሞት ምክንያት ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ ለማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዱቄት ሜርኩሪ የያዘ ስለነበር ደግሞ ሕፃናትን ራሱ ይመርዝ ነበር። ሁሉን ነገር በጥርስ የማሳበብ ልማድ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ዛሬም ቢሆን የጆሮ ኢንፌክሽን ያለበት ልጅ «ጥርስ ነው» ተብሎ ቤት መቆየቱ አልቀረም።

ጆሮውን የሚያሽ ልጅ ከሰሞኑ ጉንፋን ከነበረበት፣ ትኩሳት ካለው፣ ጋደም ሲል ለቅሶው ከባሰ ወይም ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ ጆሮው መታየት አለበት። በድዱ፣ በምላሱ ወይም በከንፈሩ ላይ ትንንሽ ቁስሎች ከታዩና ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ደግሞ ምክንያቱ ቫይረስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ውሃም ጭምር እምቢ ስለሚል ፈሳሽ እንዳያንሰው ፈጥኖ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት ያልሸና፣ እንባ ሳይኖረው የሚያለቅስ፣ አፉ የደረቀ ወይም ከወትሮው የደከመና የፈዘዘ ልጅም እስኪነጋ የሚጠበቅ አይደለም።

2. ሕመሙን ያስታግሱ

በጣም ቀላሉ መንገድ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። በንጹሕ ጣት ወይም በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ያበጠውን ድድ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ጫን እያሉ ማሸት ከውስጥ የሚገፋውን ስሜት ያቀልለታል። ልጁ መጀመሪያ ቢያጉረመርምም ጫናው ሲመቸው አፉን ከፍቶ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቅዝቃዜ ይመጣል። በውሃ ነክረው የጨመቁትን ንጹሕ ጨርቅ ወይም ከአንድ ወጥ ጎማ የተሠራ ማኘኪያ ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው ይስጡት። ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ድድን ስለሚጎዳ አይሰጥም፤ በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ማኘኪያም ጥርስ ባለው ልጅ አፍ ሊቀደድ ይችላል። የመንጋጋው ቦታ ወደ ኋላ ስለሆነ ክብ ማኘኪያ አይደርስበትም፤ ረዘም ያለና በእጁ የሚይዘው ጫፍ ያለው ይሻላል።

ለሃጩ አገጩንና አንገቱን ካቀላው ቆዳውን ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ እየጠረጉ ማድረቅና በተለይ ከእንቅልፍ በፊት ስስ ቫዝሊን መቀባት ያስፈልጋል። ቆዳው ስለሚያቃጥለው የሚነጫነጭ ልጅ ንጭንጩ በሙሉ የድድ ሕመም ሊመስል ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ መብላት ወይም መተኛት ካልቻለ መድኃኒት መስጠት ተገቢ ነው። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በክብደት ልክ ነው፤ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ሆኖ፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት እየተጠበቀ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከመጠን ስሌቱ ሳይሆን ከጠርሙሱ ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊግራም ከሚይዘው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ልኩ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ከሚይዘው ጠብታ ግን ያው 5 ሚሊ ሊትር 500 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም ለልጁ ከሚፈቀደው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ያንብቡ፤ በቤት ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ፤ ጥርጣሬ ካለዎት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

አይቡፕሮፌን ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ሊሰጥ ይችላል፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ፈሳሽ ላሳጣው ልጅና የኩላሊት ችግር ላለበት ልጅ ግን አይሆንም። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። የተሰጠበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉና ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይለጥፉት፤ አባት የሰጠውን እናት ሳታውቅ ደግማ የምትሰጥበት አጋጣሚ የሚፈጠረው ሁሉም እንቅልፍ ባጣበት ሌሊት ነውና። መድኃኒቱ ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገ ልጁ በሐኪም ይታይ።

ድድ ላይ የሚቀቡ የማደንዘዣ ጄሎች አጓጊ ቢመስሉም ይተዉአቸው። ቤንዞኬይን ያለባቸው ጄሎች ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ የሚያደርግ፣ ጥቂት ሰዎችን የሚያጠቃ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ስለሚያስከትሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይውሉ በ2018 አስጠንቅቋል። ሊዶኬይንም ሕፃን ሲውጠው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና የልብ ችግር ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ለሃጩ በደቂቃዎች ውስጥ ጠርጎ ስለሚወስደው ጥቅሙ ኢምንት ነው። ለጥርስ ማስታገሻ ተብለው በአንገት የሚጠለቁ የዶቃ ሐብሎችም ልጅን የማነቅ አደጋ አላቸው፤ ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ዶቃው ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል።

3. ሰዓቱን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ

ሌሊት ሦስት ጊዜ የነቃ ልጅ በማግሥቱ በተለመደው ሰዓት እንዲነሣ፣ በተለመደው ሰዓት ምሳ እንዲበላና እንዲተኛ ማስገደድ ሌላ የለቅሶ ምክንያት መፍጠር ነው። ለትንሽ ልጅ የቀኑ መተማመኛ ሰዓት ሳይሆን ተራ ነው፤ ከቁርስ በኋላ ጨዋታ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ፣ ከመታጠብ በኋላ ተረት እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢገፋም ተራው እንደነበረ ይቆይ። የቀን እንቅልፉ ካመለጠው አመሻሽ ላይ ከማስተኛት ይልቅ የማታውን መኝታ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢያስቀድሙለት ይሻላል። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው እያሰቡ ጉድለቱን በማግሥቱም ማካካስ ይቻላል።

በዚህ ጊዜ ወላጆችና ልጁን የሚንከባከበው ሰው ሁሉ ተቀምጠው ሁለት ዝርዝር ያውጡ። በአንደኛው ለጊዜው የሚላሉ ነገሮች ይጻፋሉ፦ ከወትሮው የበዛ መታቀፍ፣ ለስላሳ ምግብ ብቻ መብላት፣ ከቤት አለመውጣት፣ የተለመደውን የጨዋታ ዕቃ የመሰብሰብ ሥራ መተው። በሁለተኛው ደግሞ በምንም ምክንያት የማይነኩት ይሰፍራሉ፦ ጥርስ ማጽዳት፣ አለመማታትና አለመንከስ፣ በአደገኛ ነገር አለመጫወት፣ መኝታ ላይ ወተት የያዘ ጡጦ ይዞ አለመተኛት። ስልክና ቴሌቪዥን በየትኛው ዝርዝር እንደሚገቡ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይወስን፤ ሆኖም ለማባበያነት የተሰጠ ስልክ መልሶ መቀበል ከድድ ሕመሙ የረዘመ ትግል እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት አያዳግትም። ዋናው ነገር ውሳኔው ልጁ እያለቀሰ ባለበት ሰዓት ሳይሆን ቀደም ብሎ መሰጠቱና አያትም ሆነች ሞግዚት ያንኑ ማወቃቸው ነው።

4. የእልህ ለቅሶ ሲነሣ

የልጅ አእምሮ ስሜትን የሚገታው ክፍል በዚህ ዕድሜ ገና እየተገነባ ነው። ልጁ መሬት ላይ የሚንፈራፈረው ወላጁን ለማሸነፍ አቅዶ ሳይሆን የተነሣበትን ስሜት የሚመልስበት አቅም ስለሌለው ነው። ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ይህችኑ ትንሽ አቅም ይቀንሱበታል። በመሆኑም በጥርስ ቀናት ትናንት በፈገግታ ያለፈው ነገር ዛሬ ለቅሶ ቢሆን አያስገርምም።

በመጀመሪያ የለቅሶውን ዓይነት ለመለየት ይሞክሩ። ልጁ ሲያኝክ፣ ሲጠባ ወይም ጋደም ሲል የሚነሣ፣ የጠየቀውን ነገር ቢሰጡትም የማይበርድ፣ እጁን ወደ አፉ እየከተተ የሚያለቅሰው ለቅሶ የሕመም ነው፤ መልሱም በክፍል 2 የተነገረው ነው። አንድ ነገር ሲከለከል የተነሣና ዓይኑን እርስዎ ላይ ተክሎ የሚያለቅሰው የእልህ ነው። ሁለቱ በሚደባለቁበት ጊዜ ፍቅሩን ያብዙ፣ ክልከላውን ግን አያንሡ። አንድን ልጅ አቅፎ እያባበሉ ቢላዋውን አለመስጠት ይቻላል፤ ማባበል ማለት መሸነፍ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከቤት ለመውጣት ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ልጁ ጫማውን ወርውሮ መሬት ላይ ተዘረጋ። መጀመሪያ ራሱን የሚመታበት ማዕዘን ወይም የሚወድቅበት ነገር አጠገቡ አለመኖሩን ይዩና ካለ ያርቁት። ከዚያ ቁጭ ብለው ፊትዎን ወደ እሱ ቁመት ዝቅ ያድርጉ። የሚናገሩት ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ «ጫማ ማድረግ አልፈለግህም፤ ተናደድህ።» ከዚህ በላይ ማስረዳት፣ «ለምን እንዲህ ትሆናለህ?» እያሉ መጠየቅ ወይም ማስፈራራት እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ነው፤ በዚያ ሰዓት ልጁ ቃል አይሰማም። መነካት ካልፈለገ አይያዙት፤ ከአጠገቡ ግን አይራቁ።

አብዛኛው የእልህ ለቅሶ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያበቃል፤ ለሚጠብቀው ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ይመስላል። ድምፁን ካዳመጡ አንድ ለውጥ ይሰማሉ፦ መጀመሪያ የነበረው ጩኸትና እግር መወራጨት ያልፍና ለቅሶው ወደ ማንሰቅሰቅ ይለወጣል፤ ልጁም ዞር ብሎ ያይዎታል ወይም እጁን ይዘረጋል። ንዴቱ አልፎ የቀረው ሐዘን ነውና የማቀፊያው ሰዓት ይህ ነው። በጩኸቱ መካከል የሚገፋዎት ልጅ አሁን ደረትዎ ላይ ይለጠፋል። ጥቂት ተረጋግቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ያለ ወቀሳ ወደ ጫማው ይመለሱ፤ «ቀኙን እናስቀድም ወይስ ግራውን?» ብሎ ሁለት ምርጫ መስጠት ጫማው መደረጉ እንደማይቀር እያሳየ ለልጁም ድርሻ ይተውለታል።

ከሁሉ የከፋው መንገድ 10 ደቂቃ ሙሉ «አይሆንም» ሲሉ ቆይቶ መጨረሻ ላይ መስጠት ነው። ልጁ የሚማረው ማልቀስ ዋጋ እንዳለው ብቻ ሳይሆን 10 ደቂቃ ማልቀስ እንደሚያስፈልግም ጭምር ነው። ሊሰጡት የሚችሉት ነገር ከሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ ይስጡት፤ የማይሆን ከሆነ እስከ መጨረሻው አይሁን። በጥርስ ቀናት «አይሆንም» የሚባሉትን ነገሮች አስቀድሞ መቀነስም ብልህነት ነው፤ የሚሰበረውን ዕቃ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ቀኑን ሙሉ ከመከልከል ያድናል።

አንዳንድ ልጆች አምርረው ሲያለቅሱ ትንፋሻቸው ተቋርጦ ፊታቸው ይጠቁራል ወይም ይገረጣል፤ ለአጭር ጊዜም ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ልጁን በጎኑ አስተኝተው ይጠብቁ፤ አያርገፍግፉት፣ አፉ ውስጥም ምንም አይክተቱ። ትንፋሹ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥም ግን ሐኪም ማየት አለበት፤ አንዱ ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

5. ሲነክስ

ድዱ የሚበላው ልጅ ትከሻም ሆነ ጣት ያገኘውን ይነክሳል። መልሶ መንከስ ወይም መምታት «ትልቅ ሰውም ይነክሳል» የሚል ትምህርት ይሆናል። ፊትዎን ኮስተር አድርገው «መንከስ አይቻልም፤ ያማል» ይበሉና ወዲያው ማኘኪያውን እጁ ላይ ያድርጉለት፤ የሚከለከለው ማኘኩ ሳይሆን ሰውን መንከሱ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ሲነክስ ጡቱን መንጭቆ ማውጣት የባሰ ያቆስላል፤ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብተው ከንፈሩን ካላቀቁ በኋላ ጡቱን ለጥቂት ጊዜ ያርቁ። ከመጥባቱ በፊት ድዱን ማሸት ንክሻውን ይቀንሰዋል።

6. ምግብና ጥርስ ማጽዳት

ለጥቂት ቀናት ጥቂት መብላት ጤነኛ ልጅን አይጎዳም፤ ፈሳሽ መቀነሱ ግን ይጎዳል። ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ፣ ሳይታኘክ የሚዋጥ ምግብ፣ ለምሳሌ እርጎና የተፈጨ ፍራፍሬ፣ በትንሽ በትንሹና ቶሎ ቶሎ ያቅርቡ። ጨውና ኮምጣጣ ነገር የተቆጣን ድድ ያቃጥላል። ድዱን እንዲያኝክበት ብሎ ጥሬ ካሮት መስጠት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ተሰብሮ ሊያንቀው ስለሚችል አይመከርም። ማንኪያው ድዱን ስለሚነካበት የሚያለቅስ ልጅ በኩባያ ወይም በራሱ እጅ ሲሆን ሊበላ ይችላል፤ ምግቡ ላይ ከመታገል በፊት ይህን መሞከር ያዋጣል።

ጥርስ ማጽዳት በዚህ ሰሞን መቅረት የለበትም፤ በጠዋትና ከመኝታ በፊት፣ በለስላሳ ብሩሽና የሩዝ ፍሬ በሚያህል ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይከናወናል። ያበጠው ቦታ ላይ ብሩሹን ቀለል አድርጎ ማሳለፍ፣ ወይም ልጁ ብሩሹን ለጥቂት ጊዜ እንዲያኝከው መፍቀድ ይበቃል።

7. ሌሊቱን

የሕመሙ ስሜት ሌሊት የሚገንነው ቀን የሚያዘናጋው ጨዋታና ሰው ስለማይኖር ነው። መድኃኒት ማስፈለጉ ከታወቀ ልጁ ከመተኛቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይሰጥና የመኝታው ተራ፣ ማለትም መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ጥርስ ማጽዳት፣ ተረትና መብራት ማጥፋት፣ እንደ ወትሮው ይቀጥል። የባሰ ከደከመው ተረቱን ማሳጠር እንጂ መዝለል አያስፈልግም።

ሌሊት ሲያለቅስ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዳምጡ፤ ብዙ ልጆች በእንቅልፋቸው አጉረምርመው ተመልሰው ይተኛሉ። ለቅሶው ከቀጠለ መብራት ሳያበሩ ይግቡ፤ ሙቀቱን በእጅ ይዳስሱና ትኩስ ከመሰለ በቴርሞሜትር ይለኩ። ድዱን ያሹለት፣ ውሃ ያጠጡት፣ ሁለት ቃል ብቻ ተናግረው አጠገቡ ይቀመጡ። ወሬ፣ ጨዋታና ወደ ሳሎን መውጣት ሌሊቱን ቀን ያደርጉታል።

ብቻውን መተኛት የለመደ ልጅ በእነዚህ ሌሊቶች ሰው ከፈለገ፣ ልጁን ወደ ወላጆቹ አልጋ ከማምጣት ይልቅ አንዱ ወላጅ ፍራሽ ይዞ ወደ ልጁ ክፍል ቢሄድ ይመረጣል። ትልቅ ሰው ከክፍሉ ቀስ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ልጅን ከለመደው አልጋ ማስወጣት ግን ሌላ የስንብት ለቅሶ ይጠይቃል። ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚተኛ ልጅ ሲሆን ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው።

8. የሚንከባከበው ሰው

ያልተኛ ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው። ሁለት ሰው ካለ ሌሊቱን በሁለት ይክፈሉት፤ አንዱ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሌላው እስከ ንጋት። ብቻዎን ከሆኑና ንዴትዎ ከቁጥጥር ውጭ እየሆነ ከመሰለዎ ልጁን አልጋው ላይ ወይም ምንም የማይጎዳው ቦታ አስቀምጠው በሩ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ ይውጡ። ለአምስት ደቂቃ ብቻውን ማልቀሱ አይጎዳውም፤ በንዴት መነቅነቅ ግን የሕፃንን አንጎል ሊጎዳና ሊገድለው ይችላል።

9. ሥርዓቱን መመለስ

የጥርሱ ጫፎች ድዱን አልፈው ከታዩ፣ እብጠቱ ከቀነሰና ልጁ ሁለት ሌሊት ያለ መድኃኒት ከተኛ የጥርሱ ጉዳይ አልቋል ብሎ መውሰድ ይቻላል። መንጋጋዎች ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ ተቀራርበው ስለሚወጡ ከመጀመርዎ በፊት ሌላኛውን ጎንም ይፈትሹ፤ እሱም አብጦ ከተገኘ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይሻላል።

የተላሉትን ነገሮች ሁሉ በአንድ ቀን መመለስ አይገባም። በምግቡ ይጀምሩ፤ የሚታኘክ ነገር ቀስ በቀስ ይግባ። ቀጥሎ የቀን እንቅልፉ ወደ ቦታው ይመለስ። ከ13 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ብዙ ልጆች በቀን ሁለቴ መተኛቱን ወደ አንድ የሚቀይሩ ስለሆነ፣ የተቀየረው እንቅልፍ በጥርሱ ምክንያት ሳይሆን በዕድሜው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የድሮውን ሥርዓት መመለስ ሳይሆን አዲሱን ማጽናት ነው የሚያስፈልገው። የሌሊቱ ጉዳይ መጨረሻ ይምጣ። ልጁ ክፍል ውስጥ ሲተኙ የቆዩ ከሆነ ፍራሹን በመጀመሪያ ከአልጋው ራቅ ያድርጉት፣ በሚቀጥሉት ሌሊቶች ወደ በሩ ያስጠጉት፣ ከዚያም ይውጡ። ልጁ ለጥቂት ሌሊቶች ይቃወማል፤ ተቃውሞው የእልህ ለቅሶ ስለሆነ መልሱ በክፍል 4 እንደተነገረው ነው፤ አጠገቡ ሆኖ ማጽናናት፣ ውሳኔውን ግን አለመቀየር።

አዲስ ጥርስ ሳይታይ ንጭንጩና የሌሊቱ መንቃት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ምክንያቱን ከድድ ውጭ ይፈልጉ፤ የሞግዚት መቀየር፣ የአዲስ ሕፃን መወለድ፣ የቤት ለውጥ፣ ወይም ያልታወቀ የጆሮና የሆድ ሕመም ሊሆን ይችላል። ልጁ በለቅሶው ጊዜ ራሱን በተደጋጋሚ የሚጎዳ ከሆነ፣ ለቅሶው ዘወትር ከሩብ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ከሆነ ወይም ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት መናገር ካቆመ ደግሞ የጥርሱን መውጣት ሳይጠብቁ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት። ለሐኪሙ የመድኃኒቱ ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ትኩሳቱ መቼ እንደነበረ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛና ምን እንደተሰጠው በቃል ከማስታወስ ይልቅ ከወረቀቱ ማንበብ ይቀላል።